አጎቴ ቡናውን የያዘው በእኔ ምክር ነበር፦ ከአጋሮ መጋዘን የተማርኩት ፋይናንስ

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በተመረቅኩበት ዓመት፣ አጋሮ በሚገኘው የአጎቴ መጋዘን ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ስልኬን አሳየሁት። ስክሪኑ ላይ የኒውዮርክ የቡና ዋጋ ግራፍ ነበር። መስመሩ ወደ ላይ ይወጣል።

«እና ምን ይላል?» አለኝ።

«ቆይ ይላል» አልኩት። «አሁን አትሽጥ፣ ገና ይጨምራል።»

አጎቴ በቡና ንግድ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቷል። ጀንፈል በእጁ አፍሶ፣ አሽትቶ፣ ከየትኛው ቀበሌ እንደመጣ የሚነግራችሁ ሰው ነው። ግን የዚያን ቀን ያመነው እኔን ነው። ለምን? እኔ ኢኮኖሚክስ የተማርኩ ልጅ ነኛ! ለአክስቴም «ልጃችን በኮምፒውተር አይታዋለች» ብሎ ነገራት።

ቡናውን ያዘ። ቡናው የተገዛው በባንክ ብድር ነበር፤ ማስያዣው ደግሞ እኔ ክረምት ክረምት ያደግኩበት ቤት። አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ አራት ወር ሄደ። ዋጋው መጀመሪያ ትንሽ ከፍ አለ፤ ከዚያ ቆመ፤ ከዚያ ወረደ። በመጨረሻ ቤቱን ለማትረፍ አይሱዙዋን ሸጣት። ያቺን መኪና ከልጆቹ እኩል ነበር የሚወዳት።

አንድም ቀን «አንቺ ነሽ» ብሎኝ አያውቅም። ቢለኝ ይሻል ነበር።

ይህን የምጽፈው ንስሐ ለመግባት ብቻ አይደለም። ከዚያ በኋላ የተማርኩት ነገር ስላለ ነው። ያ ትምህርት ክፍል ውስጥም ነበር፤ ችግሩ እኔ አላየሁትም ነበር።

ቀመሩን አውቀዋለሁ፣ ውሳኔውን አላውቀውም

ዩኒቨርሲቲ ፋይናንስ ስንማር ምሳሌዎቹ ሁሌም «ካምፓኒ ኤ» እና «ካምፓኒ ቢ» ነበሩ። ካምፓኒ ኤ ማሽን ሊገዛ ነው፤ ዋጋው ይህን ያህል ነው፤ የወለድ ምጣኔው ይህን ያህል ነው፤ ኔት ፕሬዘንት ቫልዩውን አስሉ። እናሰላለን፣ ኤ እናገኛለን፣ እንረሳለን። ካምፓኒ ኤ ማን ነው? ባለቤቱ ሌሊት እንቅልፍ ይወስደዋል? ብድሩን የሰጠው ማን ነው? ማንም አይጠይቅም።

ሀርቫርድን የመሳሰሉ የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ከዛሬ መቶ ዓመት ገደማ ጀምሮ በሌላ መንገድ ያስተምራሉ፤ ኬዝ በሚባለው። ተማሪው የአንድን እውነተኛ ድርጅት ታሪክ ይሰጠዋል። ታሪኩ ውሳኔው ከመወሰኑ አንድ ቀን በፊት ይቆማል። ሥራ አስኪያጁ ያን ቀን የሚያውቀው ምን ነበር? የማያውቀውስ? አንተ በእሱ ቦታ ብትሆን ምን ትወስናለህ? ከዚያ ክፍሉ ይከራከራል። አንድ ትክክለኛ መልስ ላይኖር ይችላል፤ የተሳሳተ አስተሳሰብ ግን ቶሎ ይጋለጣል።

እኔም ከአይሱዙዋ በኋላ ቁጭ ብዬ ማሰብ ስጀምር አንድ ነገር ገባኝ። ጅማ ዙሪያ ያለው ሁሉ ኬዝ ነው። አጋሮ፣ ሊሙ፣ ጌራ፣ ጎማ፣ ማና፤ በየመንደሩ ሰው ብድር ይወስዳል፣ ማሽን ይገዛል፣ ክምችት ይይዛል፣ ትርፍ ያከፋፍላል። ይሄ ኮርፖሬት ፋይናንስ ካልሆነ ምንድነው? ማንም በወረቀት ስላልጻፈው ብቻ ነው ትምህርት ያልመሰለን።

እስቲ አራቱን አብረን እንያቸው። ስሌቶቹ ውስጥ የምጠቀምባቸው ቁጥሮች ለሒሳብ እንዲመቹ የያዝኳቸው ናቸው፤ እናንተ በሰፈራችሁ ዋጋ ተኩዋቸው።

ኬዝ 1፦ መያዝ ወይስ መሸጥ?

ከራሴ ስህተት ልጀምር። እንበልና ነጋዴው 1 ሚሊዮን ብር ተበድሮ ቡና በኪሎ 200 ብር ገዛ። ያ 5,000 ኪሎ ነው፣ 50 ኩንታል። ወለዱ በዓመት 18 በመቶ ቢሆን በወር 15,000 ብር ይቆጥራል። አራት ወር ቢይዘው 60,000 ብር። ለመጋዘንና ለጥበቃ 10,000 ጨምሩ። ቡና ደግሞ ሲቀመጥ ይደርቃል፣ ክብደቱ ይቀንሳል፤ 1 በመቶ ብቻ ቢቀንስ 4,950 ኪሎ ይቀራል።

አሁን አካፍሉ፦ 1,070,000 ለ4,950። በኪሎ 216 ብር ይመጣል።

ይህ ምን ማለት ነው? ዋጋው በአራት ወር ውስጥ 8 በመቶ ቢጨምር ነጋዴው ያተረፈው ዜሮ ነው። ጎረቤቱ «ቡና ጨመረ፣ እገሌ በለጸገ» ይላል፤ እሱ ግን ገና ባለበት ቆሟል። ዋጋው ባለበት ቢቆም በኪሎ 16 ብር ከስሯል። ቢወርድስ? አይሱዙ።

እኔ ለአጎቴ ያሳየሁት የዋጋውን መስመር ብቻ ነበር። ከዋጋው ሥር አብሮ የሚወጣ ሌላ መስመር አለ፤ የመያዣ ወጪው መስመር። የዋጋው መስመር ሊወጣም ሊወርድም ይችላል። ሁለተኛው መስመር ግን በየቀኑ ይወጣል፤ እሑድም፣ በዓልም አያውቅም።

ደግሞ የቡና ዋጋ ምን ያህል እንደሚዘል እንርሳው እንዴ? እ.ኤ.አ. በ2001 እና 2002 የዓለም ገበያ ላይ አንድ ፓውንድ አራቢካ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች የወረደበት ጊዜ ነበር። ያን ጊዜ ስንቱ ገበሬ ቡናውን ነቅሎ ጫት እንደተከለ የጅማና የሐረር ሰው ያውቃል። በሐምሌ 2021 ብራዚል ላይ ውርጭ ወደቀና ዋጋው ተተኮሰ። በየካቲት 2025 ደግሞ ከ4 ዶላር አልፎ ክብረ ወሰን ሰበረ። በዚያው ዓመት ክረምት ከ3 ዶላር በታች ወረደ፤ መከር ላይ እንደገና ከ4 ዶላር በላይ ወጣ። አንድ ዓመት ውስጥ! ብራዚል ያለ የአየር ሁኔታና ዋሽንግተን ያለ የታሪፍ ውሳኔ አጋሮ መጋዘን ውስጥ ያለውን ጆንያ ዋጋ ይወስናል። ይህን ከስልክ ግራፍ እተነብያለሁ ያልኩት እኔ ነኝ።

ትምህርቱ «በጭራሽ አትያዝ» አይደለም። በራስህ ገንዘብ የገዛኸውን መያዝ አንድ ነገር ነው፤ ቤት አስይዘህ በተበደርከው መያዝ ሌላ። የመጀመሪያው ሲከስር ትርፍ ይቀራል። ሁለተኛው ሲከስር ቤት ይሄዳል። ግማሹን ሸጦ ብድሩን መክፈል፣ ግማሹን መያዝም ይቻል ነበር። እኔ ይህን ምርጫ እንኳ አላቀረብኩለትም።

ኬዝ 2፦ ግማሽ ኪሎ የምታጠፋው ትርፍ

ቀይ እሸት መልቀም ሲጀምር፣ ከጥቅምት ጀምሮ ባሉት ወራት፣ በጅማ ዙሪያ ያሉ የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች እንቅልፍ የላቸውም። ገበሬው ከሰዓት በኋላ እሸቱን በአህያም በጀርባም ያመጣል፤ ይመዘናል፤ የዚያኑ ሌሊት ይፈለፈላል። ማደር የለም፤ ካደረ ይበላሻል። ለገበሬው የሚከፈለው ደግሞ ጥሬ ገንዘብ ነው፣ እዚያው።

የጣቢያው ገቢ ግን መቼ ነው? ቡናው ይታጠባል፣ አልጋ ላይ ይደርቃል፣ ይቀሸራል፣ ይመረመራል፣ ይሸጣል። ወራት ይፈጃል። ስለዚህ ጣቢያው በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሚሊዮኖች ያወጣል፤ ከዚያ ይጠብቃል። በመጽሐፉ ቋንቋ ይህ የሥራ ማስኬጃ ካፒታል ይባላል። ትርፋማ ሆኖ ጥሬ ገንዘብ ማጣት የሚባለው ነገር ክፍል ውስጥ እንቆቅልሽ ነበር የሚመስለኝ። እዚህ ግን አንድ ማታ ገንዘቡ አልቆ ገበሬው ከነእሸቱ ሲመለስ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። የተመለሰው ገበሬ ነገ የሚሄደው ወደ ሌላ ጣቢያ ነው።

እንበልና አንድ ጣቢያ 300,000 ኪሎ እሸት በ60 ብር ገዛ፤ 18 ሚሊዮን ብር። ስድስት ኪሎ እሸት አንድ ኪሎ ንጹህ ቡና ይሰጣል እንበል፤ 50,000 ኪሎ ይገኛል። በ450 ብር ሲሸጥ 22.5 ሚሊዮን። የሥራ ወጪ 2 ሚሊዮን፣ የስድስት ወር ወለድ በዓመት 16 በመቶ 1.44 ሚሊዮን። ትርፉ አንድ ሚሊዮን ብር ከትንሽ በላይ ነው። ጥሩ።

አሁን አንድ ነገር ብቻ እንቀይር። ጣቢያው ለውድድር ብሎ አረንጓዴ የተቀላቀለበት፣ በደንብ ያልበሰለ እሸት መቀበል ጀመረ። ስድስት ኪሎ ይበቃ የነበረው ስድስት ኪሎ ተኩል ሆነ። ግማሽ ኪሎ! ማን ያስተውለዋል? ግን 300,000 ለ6.5 ሲካፈል 46,154 ኪሎ ነው። ገቢው 20.77 ሚሊዮን ገደማ። ወጪው ያው 21.44 ሚሊዮን። ጣቢያው ወደ 670,000 ብር ከሰረ።

ያልበሰለው እሸት የቡናውን ጥራትና ዋጋ እንደሚያወርድ ገና አልቆጠርኩም።

ይህን ስሌት ለአንድ የማጠቢያ ጣቢያ ሒሳብ ሠራተኛ ሳሳየው ሳቀ። «እኛ ይሄን በሌላ ስም ነው የምናውቀው» አለኝ። «በር ላይ የሚመርጠው ሰው ሰነፍ ከሆነ ዓመቱ ጠፋ እንላለን።» እኔ በክፍል ውስጥ የፋይናንስ ውሳኔ የሚወሰነው በቢሮ፣ በክራቫት መስሎኝ ነበር። እዚህ የሚወሰነው ሚዛኑ አጠገብ ቆማ እሸት በምትለይ ሴት ጣት ነው። ለእሷ የሚከፈላትን ቀን ክፍያ የቆረጠ ሥራ አስኪያጅ ወጪ የቀነሰ ይመስለዋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሉ የለ?

ኬዝ 3፦ «ጅማ 5» እና ዱሮሚና

ለረጅም ዘመን የአካባቢያችን ቡና በዓለም ገበያ የሚታወቀው «ጅማ 5» በሚል ደረጃ ነበር። ሳይታጠብ የደረቀ፣ በብዛት የሚሸጥ፣ በርካሽ የሚገዛ። ዛፉ ጥሩ ነው፣ አፈሩ ጥሩ ነው፣ ከፍታው ጥሩ ነው፤ ዋጋው ግን ዝቅተኛ። ልዩነቱ ያለው ከዛፉ ወርዶ እስኪሸጥ ባለው መንገድ ላይ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2010 አጋሮ አካባቢ ከመቶ ትንሽ የሚበልጡ ገበሬዎች ዱሮሚና የተባለ የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። ስሙ በአፋን ኦሮሞ ኑሮን የማሻሻል ትርጉም ያለው ነው። ቴክኖሰርቭ የተባለ ድርጅት በጌትስ ፋውንዴሽን ድጋፍ በሚያካሂደው የቡና ፕሮግራም በኩል ስለ ጥራት፣ ስለ ሒሳብ አያያዝ፣ ስለ ብድር ያማክራቸው ነበር። ማጠቢያ አቋቋሙ፤ እሸቱን ማጠብ ጀመሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2012፣ ቡናቸው በአፍሪካ ደረጃ በተካሄደ የጣዕም ውድድር አንደኛ ወጣ። ከ«ጅማ 5» ሰፈር!

ታሪኩን ብዙ ሰው እንደ ተአምር ያወራዋል። እኔ ግን እንደ ኬዝ ላንብበው እፈልጋለሁ። ታሪኩን ከውድድሩ በፊት፣ በ2010 ላይ አቁሙት። አባል ናችሁ። ማሽን ለመግዛት ዕዳ ግቡ ትባላላችሁ። ቅድመ አያቶቻችሁ ቡና በፀሐይ አድርቀው ኖረዋል፤ ያለ ዕዳ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር አትሉም? እኔ ብሆን እል ነበር።

ውሳኔውን ትክክል ያደረገው ምንድነው? የመጀመሪያው ነገር፣ ማሽኑ ሲሠራ የሚገኘው የዋጋ ልዩነት በየዓመቱ ይመጣል፤ ብድሩ ግን አንዴ ተከፍሎ ያልቃል። ሁለተኛ፣ ብድሩ ለማሽን ሆኖ ማሽኑ ደግሞ ገቢ ያመጣል። አጎቴ የወሰደው ብድር ለተስፋ ነበር። ሁለቱም «ብድር» ይባላሉ፤ በጣም ይለያያሉ። ሦስተኛ፣ እውቀቱ አብሮ መጣ። ማሽን ብቻ ገዝተው ያልበሰለ እሸት ቢፈጩበት ኖሮ ኬዝ 2 ላይ ያየነው ኪሳራ በዕዳ ላይ ይደረብ ነበር።

አራተኛውን ሰው አያነሳውም፤ ባንኩ። ገበሬ ማኅበር ምን ያስይዛል? መሬቱ የመንግሥት ነው፤ እሸቱ ይበላሻል። ለዚህ ነው ባንኮች ለእንዲህ ያሉ ማኅበራት ለማበደር የሚፈሩት። በዚያ ሰሞን የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ኮርፖሬሽን ከንብ ባንክ ጋር ስጋት የመጋራት ስምምነት አድርጎ ነበር፤ ለቡና ማኅበራት የተሰጠው ብድር ባይመለስ ኪሳራው የባንኩ ብቻ እንዳይሆን። አያችሁ? ገንዘቡ ድሮም ነበር። የጎደለው ስጋቱን የሚሸከም ትከሻ ነው። ብዙ ጊዜ «ካፒታል የለም» የምንለው ነገር ውስጡ ሲታይ «ስጋቱን ማን ይሸከም?» የሚል ጥያቄ ነው።

ከዚያ በኋላ ሌላ ከባድ ውሳኔ ይመጣል፤ የትርፍ ክፍፍል። ትርፍ ሲገኝ አባላት «አምጡልን» ይላሉ፤ ልጅ ይማራል፣ ቤት ይከደናል። ሕጉ ደግሞ ማኅበራት ከተጣራ ትርፋቸው ለመጠባበቂያ እንዲያስቀሩ ያዝዛል። ብዙ ካስቀሩ አባሉ ይከፋል፤ በቀጣዩ ዓመት የግል ነጋዴ በኪሎ ሁለት ብር ሲጨምርለት እሸቱን ለእሱ ይሸጣል። ብዙ ካከፋፈሉ በጥቅምት እሸት የሚገዙበት ገንዘብ ያጣሉ፣ እንደገና ወለድ። ትልልቆቹ የዓለም ኩባንያዎች ከባለአክሲዮኖቻቸው ጋር የሚጨቃጨቁበት ጉዳይ ይኸው ነው። ልዩነቱ እዚህ ጭቅጭቁ ከዋርካ ሥር መሆኑ ነው።

ኬዝ 4፦ በኪሳራ የሚሸጥ ላኪ

ይኼኛው ለብዙ ዓመት ሲያስገርመኝ የኖረ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ቡና ላኪዎች ከሀገር ውስጥ በውድ ገዝተው ለውጭ ገበያ በርካሽ ይሸጣሉ ሲባል ሰምታችኋል። በጋዜጣም በስብሰባም ስንት ጊዜ ተነስቷል። ሰው ለምን እያወቀ ይከስራል? ሞኝ ነው?

ሞኝ አልነበረም። የውጭ ምንዛሪ በተቸገርንበት ዘመን ባንክ ሄዶ ዶላር መጠየቅ ወረፋ ነበር፤ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመት። ቡና የላከ ሰው ግን ካመጣው ዶላር የተፈቀደለትን ድርሻ ይዞ ዕቃ ማስገባት ይችላል። ያ ዕቃ ገበያው ላይ የለም፤ ስለዚህ በውድ ይሸጣል። እንበልና ቡናው ላይ 5 ሚሊዮን ብር ከሰረ፣ ያስገባው ዕቃ ላይ 8 ሚሊዮን አተረፈ። በጠቅላላ ሦስት ሚሊዮን አትርፏል። የቡናው ኪሳራ ለእሱ የዶላር መግዣ ዋጋ ነበር።

የኬዙ ትምህርት ሁለት ነው። የመጀመሪያው፣ አንድን የሥራ ክፍል ለብቻው አይታችሁ «ያዋጣል፣ አያዋጣም» አትበሉ፤ ድርጅቱን በሙሉ እዩ። ሁለተኛው ደግሞ የበለጠ የሚያሳስበው ነው፤ በዚያ ገበያ ውስጥ ቡና ብቻ የሚልክ፣ ዕቃ የማያስገባ ሰው በምን ይወዳደራል? እሱ ከቡናው ራሱ ማትረፍ አለበት፤ ጎኑ ያለው ተፎካካሪ ግን ለመክሰር ተዘጋጅቶ ነው የመጣው።

ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. መጣ። ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ዋጋውን ለገበያ ለቀቀው። አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር አለፈ። ላኪው ለአንድ ዶላር የሚያገኘው ብር በዛ፤ ዶላሩን በዕቃ ቀይሮ የሚያገኘው ልዩ ጥቅም ደግሞ ጠበበ። የድሮው ስሌት መሠረቱ ተናጋ። በተከታዩ የ2017 በጀት ዓመት ሀገሪቱ ከቡና ያገኘችው ገቢ ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆኖ ተመዘገበ፤ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት 1.4 ቢሊዮን አካባቢ ነበር። ይህ ሁሉ ከምንዛሪው ለውጥ የመጣ ነው አልልም፤ የዓለም ዋጋም ሰማይ ነክቶ ነበር። ግን አንድ ሕግ ሲቀየር ትናንት ብልህነት የነበረው ውሳኔ ዛሬ ኪሳራ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ተጨማሪ ኬዝ፦ ዛፉን መቁረጥ

አራት ብዬ ነበር፤ አንድ ልጨምር፤ ይቺን ካልነገርኳችሁ አይሆንልኝም።

ያረጀ ቡና ይጎነደላል። ከሥሩ ከፍ ብሎ ይቆረጥና አዲስ ያቆጠቁጣል። የግብርና ባለሙያዎች ሁሌ ይመክራሉ፤ ብዙ ገበሬ እምቢ ይላል። «አይገባቸውም» ሲባል ሰምቼ እኔም ተቀብዬ ነበር። አንድ ቀን ግን ኤክሰል ከፍቼ አሰላሁት።

ያረጀው ማሳ በዓመት 1,000 ኪሎ እሸት ይሰጣል እንበል። ቢጎነደል ሁለት ዓመት ምንም የለም፤ በሦስተኛው 1,500፣ በአራተኛውና በአምስተኛው 2,500፣ 2,500። የአምስት ዓመቱ ድምር ሳይጎነደል 5,000፣ ተጎንድሎ 6,500። ግልጽ ነው፣ ይጎንደል!

ቆይ ግን። የዛሬ ኪሎና የዛሬ አምስት ዓመት ኪሎ እኩል አይደሉም። ዛሬ ያለው ያበላል፣ የትምህርት ቤት ይከፍላል። በዓመት 20 በመቶ ቅናሽ ብናሰላው ያልተጎነደለው ወደ 2,990 ኪሎ፣ የተጎነደለው ወደ 3,080 ይመጣል። እኩል ሊባሉ ምንም አልቀራቸው። አሁን ከአራጣ አበዳሪ በስተቀር ብድር የማያገኝ ገበሬን አስቡ፤ ለእሱ ቅናሹ 30 በመቶ ይሁን። ያልተጎነደለው 2,436፣ የተጎነደለው 2,231። ለእሱ አለመቁረጡ ነው የሚያዋጣው!

ከአምስት ዓመት በላይ ያለውን ብንቆጥር መጎንደሉ ያሸንፋል። ግን ያን ጊዜ እስኪደርስ ሁለቱን ባዶ ዓመታት በምን ይሻገራል? ገበሬው ሒሳቡን አልሳተም። እኔ ነኝ የእሱን ወለድ ሳላውቅ የፈረድኩበት። መፍትሔው ምክር መድገም ሳይሆን በየዓመቱ ማሳውን በከፊል እየጎነደሉ መሄድ፣ ወይም ባዶዎቹን ዓመታት የሚያሻግር ርካሽ ብድር ማግኘት ነው። ኔት ፕሬዘንት ቫልዩ ያኔ ነው የገባኝ፤ ከተመረቅኩ በኋላ።

እናንተም ሞክሩት

አሁን ከጓደኞቼ ጋር ጅማ ውስጥ አንድ ልማድ አለን። በሁለት ሳምንት አንዴ ቡና እየጠጣን አንድ ኬዝ እናነሳለን። የአንዱ እናት ሱቅ፣ የሌላው ወንድም ባጃጅ፣ የሰፈር ዳቦ ቤት። ክፍያ የለውም፣ ሰርተፍኬት የለውም። አራት ጥያቄ ብቻ አለን።

አንደኛ፣ የሚወስነው ማን ነው፣ ቢሳሳትስ የሚከፍለው ማን ነው? እኔና አጎቴ ጋ ችግሩ ይኸው ነበር። የመከርኩት እኔ፣ የከፈለው እሱ።

ሁለተኛ፣ ብሩ የሚወጣው መቼ ነው፣ የሚገባውስ መቼ? ትርፍና ኪሳራ ከመቁጠራችሁ በፊት ቀኖቹን ጻፉ። ባጃጅ በብድር የገዛው ልጅ በወር ያተርፋል፤ ግን ብድሩ የሚቆረጠው በአንድ ቀን ነው፤ ያ ቀን ጎማ ከፈነዳበት ሳምንት ጋር ሲገጣጠም ምን ያደርጋል?

ሦስተኛ፣ አንዱ ቁጥር ትንሽ ቢበላሽ ምን ይፈጠራል? ስድስቱ ኪሎ ስድስት ተኩል ቢሆን? አንድ ትንሽ ለውጥ ዓመቱን የሚያጠፋ ከሆነ ጥበቃችሁን እዚያ ቁጥር ላይ አድርጉ።

አራተኛ፣ እስካሁን ያወጣችሁትን እርሱት። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ጥያቄው «ስንት ገባበት?» ሳይሆን «ከዛሬ ወዲያ ምን ይሻላል?» ነው። አጎቴ ከሦስተኛው ወር በኋላ መሸጥ ነበረበት። ያልሸጠው «ይህን ያህል ጠብቄማ» ብሎ ነው። እኔም ዝም ያልኩት ምክሬ ስህተት መሆኑን ላለማመን ነው። ኩራት ወለድ ያስከፍላል።

ባለፈው የመኸር ወቅት አጋሮ ሄጄ ነበር። አጎቴ ዛሬም ቡና ይነግዳል፤ በትንሹ፣ በራሱ ገንዘብ፣ በተከራየው መኪና። እሸት የሚገዛበት ደብተር አለው፤ በግራ በኩል የወጣበት ቀን፣ በቀኝ የገባበት። መጋዘኑ ውስጥ ያው ጆንያ ላይ ተቀመጥን። ዋጋው እየጨመረ ነበር፣ ስልኩን አውጥቶ ግራፉን አሳየኝ። ራሱ ነው ያወረደው።

«እንዴት ነው ልጄ፣ እንያዝ?» አለኝ።

ልቤ ደነገጠ። ከዚያ «ብድር አለብህ?» ብዬ ጠየቅኩት።

«የለብኝም።»

«ከዚህ ውስጥ ለዓመቱ ወጪህ የምትፈልገው ስንት ነው?»

ደብተሩን ገልጦ አሳየኝ። ከሩብ ትንሽ በለጥ ይላል።

«እሱን ዛሬ ሽጠው» አልኩት። «የቀረውን አንተ ታውቃለህ። እኔ ዋጋ አልተነብይም።»

ትንሽ ዝም አለና ለአክስቴ ጮክ ብሎ ነገራት፦ «ልጃችን አሁን ገና ተመረቀች!»